ድረ ገጽ ሲሠራ ማን ይቅደም፤ እንግዳው ወይስ መንገድ መሪው?

መርካቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ ሰው ግር ማለቱ አይቀርም። ጥቂት ከተዘዋወረ በኋላ ግን አንድ ነገር ይገባዋል፤ ይኸውም ገበያው ምንም እንኳ ሰፊና ጫጫታ የበዛበት ቢሆን ሥርዐት የሌለው አለመሆኑን ነው። ሸማ የሚፈልግ ወደ ሸማ ተራ፥ በርበሬ የሚፈልግ ወደ በርበሬ ተራ፥ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። መንገድ የጠፋበትም ሰው የሚያልፈውን ሁሉ «ሸማ ተራ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመራው አያጣም። ምክንያቱም ቦታው ስም አለው፤ ስሙም ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለገበያተኛውም የታወቀ ነው።

ዛሬ ይህን ማንሣቴ ስለ መርካቶ ለመጻፍ ፈልጌ አይደለም። ስለ ድረ ገጽ አሠራር ጥቂት ለማለት አስቤ ነው። ድረ ገጽም እንደ ገበያ ብዙ ነገር የሚከማችበት ቦታ ስለሆነ ተራ ያስፈልገዋል። ወደዚህ ቦታ የሚመጣው እንግዳ አንባቢው ነው። መንገድ መሪዎቹ ደግሞ ጉግልንና ቢንግን የመሰሉት የፍለጋ መሣሪያዎች ናቸው። እንግዲህ የድረ ገጹ ባለቤት ቤቱን ሲያሰናዳ ማንን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል? እንግዳውን ነው ወይስ መንገድ መሪውን? በበኩሌ እንግዳውን ነው እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በራሴ የደረሰ አንድ ገጠመኝ ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ እዚህ ላለ ጉዳዩ ውክልና ሊሰጠኝ ፈልጎ «ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አጣርተህ ንገረኝ» አለኝ። እኔም የአንድ መሥሪያ ቤትን ድረ ገጽ ከፈትሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምረቃ በዓል ፎቶግራፍ፥ ቀጥሎ የኀላፊው መልእክት፥ ከዚያም ራእይና ተልእኮ ተደርድሮ አገኘሁ። ውክልና የሚል ቃል ግን በዐይኔ ብፈልግ፥ በጉግልም ብጠይቅ አልተገኘም። ከብዙ ድካም በኋላ «ሰነድ 3» ከሚል ስም በታች ማኅተምና ፊርማ ያለበት፥ በፎቶግራፍ የተነሣ ደብዳቤ ተቀምጦ አየሁ፤ ደብዳቤውም የወጣበት ዓመት በደንብ አይነበብም ነበር። በመጨረሻ እዚያው ድረስ ሄጄ ወረፋ ያዝሁ። መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት ትሑት ጸሐፊ ነው፤ እሱም ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ መልስ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። እኔስ አዲስ አበባ ስላለሁ ሄድሁ፤ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለው፥ ወይም ከገጠር ለመምጣት የሁለት ቀን መንገድ የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ? ድረ ገጽ አለን ማለቱ ብቻ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደ ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በስዊዘርላንድ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የምርምር ተቋም ሲሠራ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ በ1991 ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ገጾቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1994 የገጾችን ዝርዝር በየአርእስቱ ከፍለው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ይህም በኋላ ያሁ የተባለው ነው። ዝርዝሩን የሚያደራጁት ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን የገጹ ብዛት ከሰው እጅ ዐቅም በላይ ስለሆነ ያ ዝርዝር በ2014 መጨረሻ ተዘጋ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ደግሞ በ1998 ጉግልን ሲያቋቁሙ ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ። ይኸውም አንድን ገጽ ሌሎች ገጾች የሚያመለክቱት ከሆነ ያን ማመልከቻ እንደ ምስክርነት መቁጠር ነው። ምስክር የበዛለት፥ ምስክሮቹም ራሳቸው የተመሰከረላቸው የሆኑለት ገጽ ከፊት እንዲሰለፍ ሆነ።

የፍለጋ መሣሪያ ሥራ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሚወስዱት ማያያዣዎች እየተጓዘ ገጾችን ይጎበኛል። ቀጥሎ ያነበበውን ቃልና አርእስት በመዝገቡ ውስጥ ያሰፍራል። በመጨረሻም ሰው ሲጠይቀው ከመዝገቡ አውጥቶ ይበጃል ያለውን በቅደም ተከተል ያቀርባል። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ማያያዣ የሌለው ገጽ መንገድ እንዳልወጣለት ቤት መሆኑን፥ አርእስት የሌለው ገጽም ስም እንዳልወጣለት ሰፈር መሆኑን ነው። እንግዳው የሚቸገርበት ነገር ሁሉ መንገድ መሪውንም ያስቸግረዋል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን አሠራር እንዳወቁ መንገድ መሪውን ማታለል ጀመሩ። አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ደጋግመው ይጽፋሉ፤ ነጭ ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ እንደ መጻፍ ቃሉን ይደብቃሉ፤ አልፎ ተርፎም ከሌሎች ገጾች ማመልከቻ በገንዘብ ይገዛሉ። ይህ የሐሰት ምስክር ከማቆም የሚለየው በምንድን ነው? ትርፉም ብዙ አልቆየም። ጉግል በገጽ ራስጌ ተሰውሮ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለገጾች ደረጃ ሲሰጥ እንደማይመለከተው በ2009 አስታወቀ። በ2011 ፓንዳ በተባለው ማሻሻያ ፍሬ የሌላቸውን ገጾች፥ በ2012 ደግሞ ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያ ምስክር የሚገዙትን ወደ ኋላ አደረገ። ለድረ ገጽ ሠሪዎች ባወጣው ምክርም ገጽ በቅድሚያ ለሰው እንዲዘጋጅ ያሳስባል። «ድረ ገጻችሁን በአንድ ሳምንት የመጀመሪያ አደርገዋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

በሌላ ወገን ደግሞ «መልኩ ያምር እንጂ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህም ገጹን በሚንቀሳቀስ ሥዕልና በቀለም ያስጌጡታል፤ እንግዳው የሚፈልገውን ግን አያኖሩበትም። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነው። ሌሎችም «ማስታወቂያችንን በቴሌግራምና በፌስቡክ እናወጣለን፤ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ለዕለቱ ወሬ መልካም ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን በዚያ የወጣ ነገር እንደ ወንዝ ውሃ ፈስሶ ያልፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚፈልገው ሰው ሲያገላብጥ ይውላል። ድረ ገጽ ግን በቦታው የሚቆይ የውሃ ጕድጓድ ነው፤ የተጠማ ሁሉ በፈለገው ጊዜ መጥቶ ሊቀዳበት ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጥና «ወደ እኔ የሚመጣው ሰው የሚጠይቀኝ ምንድን ነው?» ብሎ ጥያቄዎቹን ይጻፍ። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ስልክ የሚያነሣውንና በር ላይ የሚቆመውን ሠራተኛ ቢጠይቅ ሁሉንም ይነግሩታል። ጥያቄዎቹንም በየወገናቸው ይክፈላቸው፤ ለያንዳንዱ ወገን አንድ ተራ፥ ለያንዳንዱ ጥያቄም አንድ ገጽ ይስጥ። የተራው አከፋፈል የመሥሪያ ቤቱን የክፍሎች አወቃቀር የሚከተል አይሁን፤ እንግዳው የትኛው ክፍል ጉዳዩን እንደሚይዝ አያውቅም፥ ማወቅም አይገባውም።

ሁለተኛው ነገር ስም አወጣጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ» የሚባለውን ሕዝቡ «የልደት ሰርተፊኬት» እያለ ይፈልገዋል። «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» የተባለውንም «መንጃ ፈቃድ» ይለዋል። ሕጋዊው ስም ይቅር አልልም፤ ነገር ግን በገጹ አርእስት ላይ ሕዝቡ የሚያውቀው ስም ይቅደም፥ ሕጋዊው ስም ከሥሩ ይከተል። «መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የሚያስፈልጉ ሰነዶች» የሚል አርእስት እንግዳውንም መንገድ መሪውንም በአንድ ጊዜ ያረካል። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል አርእስት ግን ለማንም የሚነግረው ነገር የለም።

ሦስተኛው ነገር እኛን በአማርኛ የምንጽፈውን በተለይ የሚመለከት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኮምፒዩተር ፊደላት የላቲኑን ፊደል የግእዝ መልክ አልብሰው የሚያሳዩ ስለ ነበሩ፥ ለዐይን አማርኛ ቢመስሉም ለመሣሪያው ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ናቸው። በዚያ ዐይነት ፊደል የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየድረ ገጹ አሉ፤ ፈላጊ ግን አያገኛቸውም። በፎቶግራፍ የተነሣ ደብዳቤም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ መሣሪያ ከሥዕል ላይ ፊደል ለማንበብ ቢሞክርም አይታመንበትም፤ ዐይነ ስውር የሆነው ወገናችንም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብለት ስልክ ሊሰማው አይችልም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለማስረጃነት ካስፈለገ ይቀመጥ፤ ቃሉ ግን ከጎኑ በፊደል ተጽፎ ይገኝ።

ከዚህ ጋር የሞክሼ ፊደላት ነገር አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ለመጀመሪያው ድምፅ ሁለት ፊደል፥ ለሁለተኛው ስድስት ፊደል ስላለን ቃሉን በ12 ዐይነት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው፤ መሣሪያ ግን ሁልጊዜ አንድነታቸውን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ድረ ገጽ ጸሐፊዎች አንዱን አጻጻፍ መርጠው ከዳር እስከ ዳር በዚያው ይጽኑ። ሌላው የተለመደ አጻጻፍ ካለም ተገቢ በሆነ ቦታ አንድ ጊዜ ይጥቀሱት፤ ደጋግሞ መደርደር ግን ቀደም ብለን የነቀፍነውን ማታለል መሥራት ይሆናል።

አራተኛው ነገር አድራሻ ነው። ድረ ገጹን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 በጻፈው ጽሑፍ መልካም አድራሻ የማይለወጥ መሆኑን አስተምሯል። እኛ ግን አዲስ ኀላፊ ወይም አዲስ ሠሪ በመጣ ቍጥር ቤቱን አፍርሰን ሌላ እንሠራለን፤ አሮጌውን አድራሻ ይዞ የመጣው እንግዳ «404» የሚል ቍጥር ብቻ ያገኛል። አድራሻ መለወጥ ግድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ እንግዳውን ወደ አዲሱ እንዲያሸጋግረው ማድረግ ቀላል ሥራ ነው። በዚሁ ላይ አብዛኛው አንባቢያችን በእጅ ስልኩ እንደሚጠቀምና ለዳታ ከኪሱ እንደሚከፍል ማሰብ ይገባል። ከባድ ሥዕል የተጫነበት ገጽ እንግዳን በር ላይ ከማቆሙም በላይ ያስከፍለዋል። ጉግልም ከ2015 ጀምሮ በስልክ ለሚፈልጉ ሰዎች ለስልክ የተመቹትን ገጾች ማስቀደም ጀምሯል።

«መንገድ መሪው ያላመጣው እንግዳ ከየት ይመጣል? እሱን ማስቀደም አይሻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መንገድ መሪውን መናቅም ስሕተት ነው። የገጾችን ዝርዝር የያዘ ካርታ ማዘጋጀት፥ ለያንዳንዱ ገጽ አጭር መግለጫ መጻፍ፥ እነዚህ ሁሉ ለእሱ የሚደረጉ መልካም መስተንግዶዎች ናቸው። ነገር ግን መንገድ መሪ ጠባዩን ይለዋውጣል። ያሁ ሲቀር ጉግል መጣ፤ ጉግልም ከ2024 ወዲህ ለብዙ ጥያቄዎች ከየገጹ የለቀመውን መልስ ራሱ አጠናቅሮ ማቅረብ ይዟል። የዛሬውን መንገድ መሪ ጠባይ ብቻ ተከትሎ የተሠራ ቤት ነገ እንደገና መፍረሱ ነው። የእንግዳው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ «ምን ሰነድ ያስፈልጋል? ስንት ይከፈላል? የት ልሂድ?» ይላል። መልሱን በንጹሕ አማርኛ ጽፎ፥ ቀን ጨምሮ፥ በተራው ያስቀመጠ ባለቤት ማንም መንገድ መሪ ቢመጣ አይደነግጥም። ምንጩ ከደፈረሰ ግን በቀጂው መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ፥ መሥሪያ ቤትም ሆነ ነጋዴ፥ ትምህርት ቤትም ሆነ ማኅበር፥ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። ሥራችሁን የማያውቅ አንድ ዘመድ ጥሩና ስልክ ሰጥታችሁ አንድ ጉዳይ ፈልጎ እንዲያወጣ አድርጉት። እናንተ ከጎኑ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ አትምሩት። የተቸገረበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ጻፉና እሱን አርሙ። ሸማ ፈላጊው ሸማ ተራን ያለ ችግር እንደሚያገኘው ሁሉ፥ በሩቅ አገር ያለውም ወገናችን የሚሻውን ቃል በገዛ ቋንቋው ያለ ድካም ሊያገኘው ይገባል።