ልጆችና የጣና ዳር ዕረፍት

እናቶች ሆይ፣ ከግንደወይን ተነሥታችሁ በሞጣ በኩል ልጆቻችሁን ባሕር ዳር ለዕረፍት ስትወስዱ፣ ልጅ ውሃ ሲያይ ልቡ እንደሚሸፍት አትዘንጉ። በጣና ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የቢልሃርዝያ ትል ይገኛል። ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ የውሃው መጥራት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ዳር ዳሩን መንቦራጨቁ ይቅር፤ በጀልባ መንሸራሸሩ ይበቃል። በጀልባውም ላይ ልጆችን መሐል አስቀምጡ።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን ወዴት እንደሚወስዳችሁ ጠይቁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ በዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገባሉ።

ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ሆዱን ቢያመው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢይዘው፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሰገራውን አስመርምሩ፤ በሽታው መድኃኒት አለው። ዕረፍት የሚያምረው ልጅ በጤና ቤቱ ሲመለስ ነው።