«በርታ» ብቻውን ሥዕል አያራምድም

በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ለአንድ ሰከንድ በተለምዶ 24 ፍሬም ይፈልጋል። ድካም ለመቀነስ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያገለግል እንኳ የአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ሥዕል ይበላል። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ተቀምጦ ይህን ሁሉ በስልኩ ለሚሞክር ወጣት ዘመድ ወዳጁ ቢራራለት አይደንቅም። ሥራውን በቴሌግራም ሲልክላቸው የሚመጣለት መልስም አንድ ነው፤ «በርታ!»

መልካም ምኞት ነው፤ ግን ወጣቱ ነገ ምን ማስተካከል እንዳለበት አይነግረውም። በሌላው ጫፍ ያለው ስድብ ደግሞ ሥራውን ትቶ የሠሪውን መልክ፣ አነጋገርና የትውልድ ቦታ ያነሣል። አሞጋሹም ተሳዳቢውም ፊልሙን አላዩትም።

ይህ አገር እርማትን የማያውቅ አገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ በነገራ ሰዓት ለመምህሩ ያሰማል። መምህሩ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ ወይም ቤቱ ካልመታ እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ያርመዋል። ተማሪውም በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ እየታረመ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። እርማቱ የሚያርፈው በቅኔው ላይ ነው፤ የልጁን ዘር የሚጠይቅ የለም።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም ያደጉት በዚሁ መንገድ ነው። የዋልት ዲዝኒ ሠዓሊዎች ገና በእርሳስ ያለ ሥራቸውን የሚያሳዩባትን ጠባብ ክፍል «የላብ ሳጥን» ይሏት ነበር። ፒክሳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 የ«ቶይ ስቶሪ»ን ረቂቅ ለዲዝኒ ኃላፊዎች ሲያሳይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዉዲ ክፉና የማይወደድ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ታሪኩ እንደገና ተጽፎ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ረጅም አኒሜሽን ሆነ። ያ ረቂቅ በ«በርቱ» ታልፎ ቢሆን ኖሮ ተመልካች ዉዲን ባልወደደው ነበር።

«እኔ ስለ አኒሜሽን ምን አውቄ?» የሚል አይጠፋም። የመንዝ ገበሬ ሶፍትዌር ላያውቅ ይችላል፤ የተሳለውን ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ወጣቱ ጭላዳ ዝንጀሮን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ቢስል፣ የመንዝን የጓሳ ሜዳ የሚያውቅ እረኛ ወዲያው ይስቃል። ጭላዳ ውሎው መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር በእጁ እየነጨ ነው፤ ሲመሽ ወደ ገደል ይወርዳል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ስፍራ ብርድ ገጸ ባሕርይው ባና ሳይደርብ በስስ ሸሚዝ ንጋት ላይ ቢወጣም ያው ነው። ሲራመድ እግሩ መሬት ሳይቆነጥጥ የሚንሸራተት በግ ሲያይ «ይኼ በግ ይንሳፈፋል እንዴ?» ማለት ለባለሙያም የሚጠቅም ሂስ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ደግሞ «በ»ን እና «መ»ን ከንፈር ሳይገጥም የሚናገር አፍ ሲያይ ይታወቀዋል።

ሂስ ግን የሥራውን ዓላማና አቅም ማየት አለበት። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትሰንሃውሰር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲጀምሩ ቀጭኔዋ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ከዲዝኒ ጋር ቢያወዳድሯት ኖሮ የትም አትደርስም ነበር። ተገቢው ጥያቄ ሕፃናት ይማሩባታል ወይ የሚል ነው፤ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። በስልክ የተሠራን የአንድ ደቂቃ ተረት ጥላውና ብርሃኑ አያምርም ብሎ መንቀፍ ከንቱ ነው፤ ተረቱ መሐል ላይ ከጠፋ ግን ለሠሪው ሊነገረው ይገባል።

ተቀባዩም ግዴታ አለበት። 720 ሥዕል ከጨረሰ በኋላ የሚመጣ እርማት ያማል፤ ማስተካከሉም ውድ ነው። ስለዚህ ረቂቁን፣ ገና ስቶሪቦርድ ሳለ፣ ማሳየት ይሻላል። «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ «አሪፍ ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ «የት ላይ ሰለቸህ? ልጁ ለምን እንደሸሸ ገባህ?» ያለ ግን የሚሠራበት መልስ ያገኛል። መልሱን ሲሰማ መከራከር አያስፈልገውም። ፊልሙ ሰው ፊት ሲቀርብ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ አያብራራምና። ሁሉንም አስተያየት መቀበልም የለበትም፤ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ግር ካለው ግን ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ስቱዲዮ አያስፈልጋቸውም። የሥነ ጥበብ ክበባት ያላለቀ ሥራ የሚታይበትና የሚታረምበት አንድ ከሰዓት በወር ቢመድቡ ይበቃል፤ እረኛም ሽማግሌም ይጋበዝ። አንባቢም ከእንግዲህ የወንድሙ ልጅ የሠራውን ፊልም ሲልክለት «በርታ» ከማለቱ በፊት እስከ መጨረሻው ይየው፤ የወደደውን አንድ ነገር፣ ያልገባውንም አንድ ነገር፣ ከነሰከንዱ ይጻፍለት።