ከታንኳ እስከ ባጃጅ

በማለዳ ከጣና ዳር የቆመ ሰው የሦስት ዘመን መጓጓዣ ባንድ ጊዜ ለማየት ይችላል። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የሞተር ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ያልፈዋል፤ ከበስተጀርባ ደግሞ ባጃጅ ክላክሱን እያስጮኸ በአስፋልቱ ላይ ይከንፋል። ይህን ያየ ሁሉ «ዓለም እንዴት ፈጠነች!» ብሎ መደነቁ አይቀርም። ነገር ግን መደነቅ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። የፈጠነው ማን እንደ ሆነ፥ ወደ ኋላ የቀረውም ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከታንኳው እንጀምር። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፥ በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ ላይ ተስቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም ቢሆን ከጥቂት ወራት እምብዛም አያልፍም። አንድ ቀን ማገዶውን የሚያራግፍ አንድ ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ ልጆችዎ ለምን ሞተር አይገዙልዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና፥ «ልጄ፥ ደንገሉን ከዳር አጭጄ አመጣለሁ፤ ቤንዚኑን ከየትኛው ዳር ልጨድ?» አሉኝ። መልሱ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የኑሮን ሒሳብ አሳምሮ የሚያሳይ ነው። የሚያሳዝነው፥ ዛሬ ደንገሉም እየሳሳ መሄዱ ነው። ዳርቻው ለእርሻ እየተቈረሰ ሄዷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ሐይቁን ወርሮታል።

ከውሃው ወደ ከተማው ስንመለስ የምናገኘው ቢስክሌትን ነው። እንደሚታወቀው ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፤ ጋላቢን የሚያደክም ዳገት የላትም። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሥራ ሲጀምሩ ሠራተኛና ተማሪ በዛ፤ ቢስክሌትም ለደመወዝተኛው የሚስማማ፥ ገለባም ቤንዚንም የማይጠይቅ ፈረስ ሆነለት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ቢስክሌት በሰዓት እየተከራየሁ በዘንባባው ጥላ ሥር ስነዳ፥ ከመንገድ ወጥቼ እገጫለሁ የሚል ሥጋት አልነበረብኝም። ዛሬ ያንኑ ጐዳና በቢስክሌት ሳልፍ ዓይኔ ከፊት፥ ጆሮዬ ከኋላ ነው። መንገዱ አልጠበበም፤ ተካፋዮቹ ግን በዝተዋል።

ከተካፋዮቹ ዋነኛው ባጃጅ ነው። ስሙ የሕንድ ኩባንያ ስም ሲሆን፥ ዋና መሥሪያ ቤቱም በፑኔ ከተማ ይገኛል። ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ግን መጀመሪያ በ1948 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጣልያን አገር ፒያጆ በተባለ ኩባንያ ተሠራ፤ የሕንዱ ኩባንያም ከጣልያኑ ፈቃድ አግኝቶ በአገሩ ያመርተው ጀመር። በዚህ ዓይነት ከሕንድ ጐዳናዎች ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። ስለ ባጃጅ ክፉ ብቻ መናገር ፍርድ ማጓደል ነው። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ያደርሳል፤ ሽንኩርቷን ለገበያ የምታወጣውን እናት ሸክም ያቀላል፤ ሥራ ላጣ ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ቤንዚን በጠፋ ቀን ሠልፉ ይረዝማል፥ ዋጋው ይንራል፥ ኮንትራት መያዝ የማይችለውም በእግሩ ይጓዛል። ያን ጊዜ በየቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣው ቢስክሌት ይታወሳል።

ሕንዶች ይህን ፈተና ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ዴልሂ በጢስ በታፈነች ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አውቶቡሶችና ባለሦስት እግሮች በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ አዘዘ። ባለሦስት እግሩ ከከተማው አልተባረረም፤ ሥርዓት ግን ተበጀለት። በእኛም አገር መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኖ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ይህ በጎ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ጢሱን እንጂ መጨናነቁን አያስወግድም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪም የሚቆምበትና የሚያልፍበት ቦታ ያስፈልገዋልና።

እንግዲህ መፍትሔው ከወዴት ይገኛል? አንድ ምሳሌ ከዓባይ ላይ አለልን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለውን አሮጌ ድልድይ ሸክም ተቀብሏል። ርዝመቱ 380 ሜትር፥ ስፋቱም 43 ሜትር ነው። ከርዝመቱም ከስፋቱም ይልቅ የሚያስደስተው ግን ለመኪና ብቻ አለመሠራቱ ነው፤ ለእግረኛና ለቢስክሌት ነጂ የተለየ መንገድ አለው። ሆኖም ቢስክሌት ነጂ የሚኖረው በድልድይ ላይ አይደለም። 380 ሜትር በሰላም ተጕዞ ከድልድዩ ሲወርድ ከሁለቱም ወገን በሚጠብቀው ጐዳና ላይ መንገዱ ከተቋረጠበት፥ ለድልድዩ የታሰበው አሳብ በግማሽ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ነገር በተለይ የሚመለከተው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማረውንና በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዘውን ወጣት ነው። ነገ የመንገድ ፕላን በፊቱ ሲዘረጋ «ስንት መኪና ያልፋል?» ብቻ ብሎ እንዳይፈርም። ስንት ሰው ያልፋል? በእግሩ የሚሄደው ተማሪ፥ ቢስክሌት የያዘችው የፋብሪካ ሠራተኛ፥ ማገዶ ተሸክማ ከወደቡ የምትወጣው ሴት በየት ያልፋሉ? ይህን ይጠይቅ። ሌሎች ከተሞች በብዙ ገንዘብ መልሰው ለማግኘት የሚደክሙበትን፥ በእግርና በቢስክሌት በሰላም የመጓዝን ሀብት፥ ባሕር ዳር ገና አላጣችውም። ያጣነውን ከመግዛት ያለንን መጠበቅ ይቀላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው በመንገዱ ዳር ጥቂት ክንድ ቦታና በጠረጴዛው ላይ ጥቂት አስተውሎ ነው።