አምባገነን የሚባለው ማን ነው?

«አምባገነን» የሚለው ቃል ዛሬ ረክሷል። የፓርቲ መሪ ተቀናቃኙን፣ ሠራተኛ አለቃውን፣ ልጅ አባቱን ይጠራበታል። ቁጡ ሁሉ አምባገነን ከተባለ ግን አንደበተ ለስላሳው ገዥ ከስሙ ያመልጣል። በእኔ እምነት ቃሉ የሚለካው በገዥው ጠባይ ሳይሆን ዳኛ ሊሽረው የማይችል ትእዛዝ በመኖሩ ነው።

ለዚህ የራሳችን ታሪክ ማስረጃ አያጣም። ደርግ በስሙም በአሠራሩም ኮሚቴ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ችሎት ፊት አልቀረቡም፤ የሞታቸው ውሳኔ ያለቀው በደርጉ ስብሰባ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ይኸው ሥልጣን «ነፃ እርምጃ» ተብሎ እስከ ቀበሌ ወረደ። የተገደለው አስከሬን ደረቱ ላይ መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይጣል ነበር። ያን ጊዜ አምባገነንነት ከአንድ ቤተ መንግሥት አልፎ በየሰፈሩ ጠመንጃ ያነገተ ሁሉ የሚካፈለው ሥልጣን ሆኖ ነበር።

«ኋላ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ገብቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ገብቷል፤ አገባቡ ግን ነገሩን ያጠናክረዋል። ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲገደሉ፣ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ሲከተሉ፣ ይግባኝ የሚሉበት ችሎት አልነበረም። ለሌላው የነፈጉትን ዳኛ ለራሳቸውም አጡት። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የጠቀለሉት ከጓዶቻቸው ጋር ያበጁትን ሥልጣን ነው።

ሌላው ሙግት «አገር በጦርነትና በሁከት ስትታመስ ጠንካራ እጅ ያስፈልጋል» የሚለው ነው። ያስፈልግ ይሆናል፤ ማብቂያውን የሚቆርጠው ግን ማን ነው? በጥንታዊቷ ሮም ለክፉ ቀን የሚሾም ዲክታተር ዘመኑ ቢበዛ 6 ወር ነበር፤ ገደቡ ሲጣስ ቄሳር የዕድሜ ልክ ዲክታተር ሆነ። ደርግም በመስከረም 1967 ዓ.ም. «ጊዜያዊ» ነኝ ብሎ፣ በዚያው ስም 13 ዓመት ገዛ።

ስለዚህ ዛሬም በዜና «እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ስንሰማ፣ ማን አዘዘ፣ የት ይከሰሳል፣ ማንስ ይሽረዋል ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ መልስ ካለ፣ ገዥው የቱንም ያህል ቢከፋ «አምባገነን» ማለት ማጋነን ነው። ከሌለ ግን በምርጫ ቢመጣም፣ በልማት ቢመሰገንም፣ ስሙ ይገባዋል።