የተኛ ቋንቋ የሚነቃው በልጆቹ አፍ ነው

ዛሬ የአውስትራሊያዋ አድሌድ ከተማ በተቆረቆረችበት ምድር ጥንት የሚነገረው የካውርና ሕዝብ ቋንቋ ነበር። ታይክልማንና ሹርማን የተባሉ ጀርመናውያን የሉተራን ሚስዮናውያን ቋንቋውን ከባለቤቶቹ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1840 ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተሙ፤ ሕፃናትንም በዚያው ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። በ1845 ግን መንግሥት ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚማሩበት አዛወራቸው። ቋንቋውን አጥርታ የምታውቅ የመጨረሻዋ ሴት ናት የምትባለው ኢቫሪቲጂ በ1929 ዐረፈች። ከስድሳ ዓመት ገደማ ዝምታ በኋላ የሕዝቡ ልጆች ያንን አሮጌ መጽሐፍ ገልጠው መዘመር፣ ማስተማርና በአደባባይ እንግዳ መቀበል ጀመሩ።

በአገራችንም ጋፋት የተባለ የአማርኛ ዘመድ ቋንቋ በጎጃም በዓባይ ዳርቻ ይነገር ነበር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል። ቮልፍ ሌስላው በ1947 ብዙ ደክሞ ያገኛቸው ተናጋሪዎች ግን አራት ብቻ ነበሩ። ጋፋትም ጽሑፍ ተርፎለታል፤ ጽሑፉ ብቻውን ግን ቋንቋውን አላነቃውም። መጽሐፍ ቋንቋን ያቆያል፤ ሕይወት የሚሰጠው ግን «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው።

ጉዳዩ ዶሃ ለምንኖር ኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከጉራጌ ወይም ከኢሮብ የመጣች እኅት በሥራ ቤቷ ዐረብኛ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ የእናቷን ቋንቋ የምትሰማው በስልክ ብቻ ነው። «ዐረብኛው እንጀራ ነው፤ አማርኛውም ያግባባናል፤ ያ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። እንጀራ መፈለግ አያስነቅፍም። እነዚህ ቋንቋዎችም ዛሬ ተናጋሪ አላቸው። ይሁን እንጂ ቋንቋ የሚጠፋው በአንድ ቀን በመላው አገር ሳይሆን ቤት ለቤት ነው፤ የሁለት ዓመት ውል ዐሥር ዓመት ሲሆን፣ እናት አገር ቤት ከቀረው ልጇ ጋር በአማርኛ ብቻ ስታወራ፣ በዚያ ቤት የአያት ቋንቋ ማሸለብ ይጀምራል።

በመሳይሚር በሚገኘው የመቁጠሪያዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ለጸሎት ይሰማል። ማንም ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ የእናቱን ቋንቋ ከደጅ መተው አላስፈለገውም። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ በዕረፍት ቀናችሁ ወደ ቤት ስትደውሉ ልጆቻችሁን በእናታችሁ ቋንቋ አነጋግሩ። የአረጋውያኑን ምርቃት፣ ተረትና የዕፅዋት ስም በስልካችሁ ቅረጹ። የካውርና ልጆች የአያቶቻቸውን ድምፅ ከወረቀት መፈለግ ነበረባቸው፤ የእኛ ወላጆች ግን ስንደውል ያነሣሉ።