ውሻውን አስከትቦ ድመቷን መርሳት ግማሽ ሥራ ነው!



ባለፈው ስብሰባ የክትባት ጉዳይ ሲነሳ ውሻ ይከተብ በሚለው ሁሉም እጁን አውጥቷል። ድመት ትከተብ ሲባል ግን አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «አይጧን ትያዝ እንጂ ክትባት ምን ያደርግላታል?» ያሉ ነበሩ። «ማኅበሩ ሥራ ፈታ እንዴ?» ያሉም አልጠፉ። ሰዓቱ ስለመሸ መልሱ ለዚህ ሰሌዳ ተላልፏል። እነሆ መልሳችን።

አንደኛ፣ «ድመት አታብድም» የሚለው አባባል ፍጹም ስሕተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ስም ይጠራ እንጂ አጥቢ እንስሳትን ሁሉ ይይዛል። ላምም ታብዳለች፣ አህያም ታብዳለች፣ ድመትም ታብዳለች። በሽታው ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ያ ውሻ ሌሊት ቆሻሻ መጣያው ዘንድ የሚያገኘው ማንን ነው? የእኛኑ ድመት አይደለም ወይ? ነክሷት ብታመልጥ የምትሮጠው ወደ ቤቷ ነው። ውሻው ደጅ ይታሰራል፤ ድመቷ ግን ከልጆቻችን ጋር አልጋ ላይ ትተኛለች። ታዲያ የትኛው ይበልጥ ይቀርበናል?

የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ግን ይጠልቃል። ልጅ «ነከሰችኝ» ሲል «ምን ነካካሃት!» ተብሎ ይቆጡታል። ቁጣ ፈርቶ ሁለተኛ አይናገርም። በሽታው ደግሞ አይቸኩልም። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ወይም እስከ ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ የሚያስቅ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ «ውሻ ሲነክሳት ያን ጊዜ እናስከትባታለን» የሚሉ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሰው ከተነከሰ በኋላም ፈጥኖ ከተከተበ ይድናል፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው ከተነከሰ በኋላ ነበር። ተከትባ የማታውቅ ድመት ግን ካበደ ውሻ ንክሻ በኋላ ብትወጋ ይድናታል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለእርሷ የሚሠራው ቀድሞ የተሰጠው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ታዲያ መቼ ትከተብ?

1ኛ/ የድመት ልጅ 3 ወር /12 ሳምንት/ ሲሞላት የመጀመሪያውን ትወጋ።

2ኛ/ ክትባቱ በዕለቱ አይሠራም፤ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ከቤት አትውጣ።

3ኛ/ ዓመት ሲሞላ ይደገማል። ከዚያ ወዲያ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፈውን ቀን መከተል ነው፤ ካርዱም አይጣል።

4ኛ/ ዕድሜዋ ያልታወቀ ትልቅ ድመት «አልፎባታል» አትባልም። ጤነኛ ከሆነች አሁኑኑ ትከተብ። ከታመመች ወይም ካረገዘች ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ «ድመቷ የእኔ አይደለችም፣ ዝም ብላ ነው የምትመጣው» የሚለው ምክንያት በጣም አሳዝኖናል። አይጥ ስትይዝልን የእኛ፣ ክትባት ሲመጣ የጎረቤት! ይህ ከኃላፊነት መሸሽ ነው። ያበላት ሁሉ ባለቤቷ ነው። ሦስት ቤት የሚያበላት ከሆነ ወጪዋን ሦስት ቤት ይካፈል።

«በመርዝ እንጨርሳቸው» የሚሉትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። መርዝ የነካውን ሥጋ ሕፃንም ያነሳዋል። ድመት ባለቀበት ሰፈር ደግሞ አይጥ ይነግሣል። ያን ጊዜ እህላችንን ማን ይጠብቅልናል?

ድመት ወይም ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ቅጠልም ሆነ ቡና አይነስነስበት። በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰችውን ድመት መግደል አይገባም፤ ተዘግቶባት 10 ቀን ትታይ። ለሃጯን ካዝረበረበች፣ ድምጿ ከተለወጠ፣ እግሯ ከተሳሰረ፣ የምታውቀውን ሰው ከተተናኮለች ወይም ከሞተች ሳይነኳት ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው። ሰውየው ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅ!

ልጆቻችሁንም አትቆጧቸው፤ እንዲናገሩ አበረታቷቸው።

ስለዚህ ድመት ያለው ወይም የሚያበላ ሁሉ በማኅበሩ ጽ/ቤት ቀርቦ ያስመዝግብ። ቁጥሩ ሲታወቅ የእንስሳት ሐኪም ጠርተን በአንድ ቀን በጋራ እናስከትባለን። የሳቀም ያልሳቀም ይምጣ፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው።

ውሻውም ይከተብ! ድመቷም ትከተብ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት