የከተማ ገንዘብና የወገን ክርክር

ከተማ ከተማ የሚባለው ቤቱ ስለ በዛ ብቻ አይደለም። ነዋሪው ለየራሱ ሊሠራው የማይችለውን መንገድ፤ የውኃ ቧንቧ፤ የገበያ ሥፍራና የጎርፍ መውረጃ ቦይ በአንድነት ለመሥራት ገንዘቡን ስለሚያዋጣ ነው። ስለዚህ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚገባው ገንዘብ የሹሙ አይደለም፤ ሹሙን ያስቀመጠው ወገንም አይደለም፤ ሊሽረው የሚከራከረው ወገንም አይደለም። የከፋዩ ሕዝብ ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምትገኘው መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገበሬው ከዙሪያዋ ደጋና ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ እህሉንና ከብቱን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። በገበያ የሚከፍለው ገንዘብ ለተቀባዩ ጥቂት ቢመስልም ለእርሱ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ከፋይ በክረምት ጭቃውን እየረገጠ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ ቢጠይቅ፤ ሒሳቡ ሊነገረው ይገባል እንጂ የማን ወገን እንደ ሆነ ሊጠየቅ አይገባም።

ወገን ከሒሳብ በቀደመ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ለማወቅ የአዲስ አበባን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ነገር ግን በምርጫው ውጤት ላይ ብርቱ ክርክር ስለ ተነሣ ተመራጮቹ ምክር ቤቱን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ከሌሎች መሪዎች ጋራ በ1998 ዓ.ም. ታሰሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። እስከ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስም የአገሪቱ ዋና ከተማ በጀቷን የሚመረምርላት የሕዝብ ምክር ቤት አልነበራትም። ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ ዛሬም ያከራክራል፤ ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ግን አያከራክርም። ግብሩን ሳያቋርጥ በከፈለው ነዋሪ ላይ ነው።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ታላቋ የኒውዮርክ ከተማ ወጪዋን በብድር ስትሸፍን ኖራ በ1967 ዓ.ም. ዕዳዋን መክፈል ባቃታት ጊዜ፤ የግዛቱ መንግሥት ገንዘቧን የሚቆጣጠር ቦርድ አቆመባት። ሕዝብ የመረጠው ከንቲባ በወንበሩ ቢቀመጥም በገንዘቡ ላይ ማዘዝ አልቻለም። ሒሳቡን ያልጠበቀ ሥልጣኑንም ሊጠብቅ አይችልም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። እንግዲህ የከተማ ሹም የዓመቱን ገቢና ወጪ ማንም ሊረዳው በሚችል ቃል አጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ቢለጥፍ፤ በቀበሌ ስብሰባም ቢያስነብብ፤ ሕግን ይፈጽማል እንጂ ለማንም ውለታ አይውልም። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ እንደ ተላለፈ የታወቀ ነው። የምርጫው ቀን የራቀለት ሹም ሒሳቡን ከማቅረብ አላረፈም፤ ይልቁንም ግዴታው በረታበት፤ ሕዝቡ በድምፁ ሊጠይቀው ባልቻለበት ዘመን የሚጠይቀው በመዝገቡ ብቻ ነውና።

ተቃዋሚውም ወገን ቢሆን የራሱ ግዴታ አለበት። ቁጥር ሳይዙ ሌባ ብሎ መጮኽ ቁጣን ያነሣል እንጂ የጎደለውን ብር አይመልስም። መዝገቡን ማስከፈት፤ ወጪውን ከተሠራው ሥራ ጋራ ማስተያየት፤ በምክር ቤት የተገኘውን ወንበር ጥቂትም ቢሆን ይዞ መጠየቅ ይሻላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን እንደ ብልሃት ሲነገር ኖሯል። ይህን የሚሽረው ወገንን በወገን መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ሁሉ የሚያየው መዝገብ ነው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ሥፍራ ማለት ነው፤ ሰላምም የሚጸናው ሕዝብ ዝም ስላለ ሳይሆን ጠይቆ እውነተኛ መልስ ስላገኘ ነው።